መሬት ላይ ባለ አውሮፕላን ውስጥ ካፒቴኑ ምን ያዛል? ፖሊስስ ምን ያዛል?

በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ለበረራ በሚዘጋጅ አውሮፕላን ውስጥ አንድ መንገደኛ አስተናጋጇን ቢመታ፣ ወይም «ሻንጣዬ ውስጥ ቦምብ አለ» ብሎ ቢናገር፣ ወይም ፖሊስ የሚፈልገው ሰው መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ቢገኝ፣ ትእዛዝ የሚሰጠው ማን እንደሆነ አስቀድመው ያልተስማሙ ሰዎች ክርክሩን የሚጀምሩት በዚያችው በጭንቅ ሰዓት ነው። ካፒቴኑ «አውሮፕላኑ በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው» ይላል፤ የፖሊስ ኃላፊው «ያለኸው በኢትዮጵያ ምድር ላይ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም የያዙት ግን ግማሹን ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለበረራ ሠራተኞች፣ ለአውሮፕላን ማረፊያ የምድር ሠራተኞችና በዚያ ለሚመደቡ የፖሊስ አባላት ሲሆን፣ መንገደኞችም ቢያነቡት በማን ትእዛዝ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይረዱበታል።

ጥያቄውን ለሁለት ይክፈሉት

ችግር ሲፈጠር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማን ይበልጣል?» የሚለው አይደለም፤ «አሁን የሚወሰነው ስለ አውሮፕላኑ ነው ወይስ ስለ ሰውየው?» የሚለው ነው። አውሮፕላኑ ይነሳ ወይስ ይቅር፣ ሞተሩ ይጥፋ ወይስ አይጥፋ፣ መንገደኞች በአስቸኳይ ይውጡ ወይስ በመቀመጫቸው ይቆዩ፣ ይህ ሰው በዚህ በረራ ይሂድ ወይስ ይውረድ የሚሉት ውሳኔዎች የካፒቴኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው፣ ዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽንን የሚመለከተው የቺካጎ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ፣ አዛዥ የሆነው አብራሪ በአዛዥነት ላይ እስካለ ድረስ ስለ አውሮፕላኑ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው እርሱ መሆኑን ይደነግጋል። ሰውየው ይያዝ ወይስ ይለቀቅ፣ አካሉ ይፈተሽ፣ ቃሉን ይስጥ፣ ክስ ይመሥረትበት የሚሉት ጉዳዮች ግን የፖሊስ፣ ከዚያም የዐቃቤ ሕግና የፍርድ ቤት ናቸው።

ስለዚህ የፖሊስ ኃላፊ «ይህን ሰው ይዘህ ተነሳ» ብሎ ካፒቴኑን ሊያስገድደው አይችልም፤ ካፒቴኑም «ይህን ሰው እሰሩልኝ» ብሎ ፖሊስን ሊያዝ አይችልም። ካፒቴኑ «ይውረድልኝ» ማለት ይችላል። ከወረደ በኋላ በሰውየው ላይ ምን እንደሚደረግ መወሰን ግን የእርሱ ሥራ አይደለም፤ ይታሰር ብሎ መወትወትም ሆነ ይለቀቅ ብሎ መለመን ከድርሻው ውጭ ነው።

ሁለቱ ሥልጣኖች መቼ ይጀምራሉ?

በአውሮፕላን ውስጥ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎችና ሌሎች ድርጊቶች የሚደነግገው የቶኪዮ ስምምነት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1963 ተፈርሞ በዲሴምበር 1969 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። በስምምነቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ለካፒቴኑ የተሰጠው ሥልጣን የሚጀምረው መንገደኞች ተሳፍረው የአውሮፕላኑ የውጭ በሮች በሙሉ ሲዘጉ ነው፤ የሚያበቃውም ከእነዚያ በሮች አንዱ ለመንገደኞች መውረጃ ሲከፈት ነው። በዚህ መካከል ካፒቴኑ አንድ ሰው ወንጀል ፈጽሟል ወይም ሊፈጽም ነው፣ ወይም የአውሮፕላኑን ደኅንነትና በውስጡ ያለውን ሥርዓት አደጋ ላይ ይጥላል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለው፣ ማሰርን ጨምሮ ሁኔታው የሚጠይቀውን ተመጣጣኝ እርምጃ መውሰድ ይችላል። ሠራተኞቹ እንዲያግዙት ያዛቸዋል፤ መንገደኞችን ግን ይጠይቃል ወይም ይፈቅድላቸዋል እንጂ ሊያስገድዳቸው አይችልም። አደጋው ፋታ የማይሰጥ ሲሆን ማንኛውም ሠራተኛ ወይም መንገደኛ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ለደኅንነት አስፈላጊ የሆነውን የመከላከያ እርምጃ መውሰድ ይችላል። በስምምነቱ መሠረት የተወሰደ እርምጃ ካፒቴኑንም፣ ሠራተኞቹንም፣ ያገዙትን መንገደኞችም ከተጠያቂነት ይጠብቃቸዋል።

ብዙዎች የሚስቱት ቀጥሎ ያለውን ነው። ይኸው ስምምነት ለሌሎቹ ምዕራፎቹ የሚጠቀመው ሌላ መለኪያ ነው፤ በእነርሱ አነጋገር አውሮፕላን «በበረራ ላይ ነው» የሚባለው ለመነሳት የሞተር ኃይል ከተሰጠበት ጊዜ ጀምሮ ካረፈ በኋላ መንደርደሩን እስከሚጨርስበት ድረስ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ያልተመዘገበባት አገር የወንጀል ሥልጣኗን ለመጠቀም ስትል በረራ ላይ ያለን አውሮፕላን ከጥቂት የተዘረዘሩ ምክንያቶች በስተቀር እንዳታስተጓጉል የሚከለክለው አንቀጽ የቆመው በዚህ በጠባቡ መለኪያ ላይ ነው። እንግዲህ በውጭ አገር የተመዘገበ አውሮፕላን በሩን ዘግቶ ከማቆሚያው ተነስቶ ወደ መንደርደሪያው ሲያዘግም የካፒቴኑ ሥልጣን ጀምሯል፤ የፖሊስ ሥልጣን ግን ገና አልተገደበም። ሁለቱም ሥልጣኖች ጎን ለጎን የሚሠሩት በዚህ ጊዜ ስለሆነ፣ ግጭት የሚፈጠረውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞንትሪያል ላይ የተፈረመውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ፕሮቶኮል፣ በተቀበሉት አገሮች መካከል ሁለቱን መለኪያዎች አንድ አድርጎ የበሩን መዘጋትና መከፈት ለሁሉም ወሰን አድርጎታል። ይህ በእኔ እምነት ከመጀመሪያው መሆን የነበረበት ነው፤ በጭንቅ ሰዓት ሁሉም ሰው በዓይኑ ሊያየው የሚችለው ምልክት በሩ ነውና።

ሦስተኛም መለኪያ አለ። በሲቪል አቪዬሽን ደኅንነት ላይ ስለሚፈጸሙ ሕገ ወጥ ድርጊቶች የሚደነግገው እ.ኤ.አ. በ1971 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት አውሮፕላን «በአገልግሎት ላይ ነው» የሚለው ለበረራው ዝግጅት በምድር ሠራተኞች ወይም በበረራ ሠራተኞች ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ ካረፈ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ነው። በሩ ክፍት ሆኖ፣ መንገደኛም ሳይሳፈር በአውሮፕላኑ ላይ ፈንጂ ያኖረ ሰው በዚህ ስምምነት ወንጀለኛ ነው። ይህ ግን የወንጀሉን ስፋት የሚያሳይ እንጂ ለካፒቴኑ ተጨማሪ የማሰር ሥልጣን የሚሰጥ አይደለም።

የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ በረራ

ከጣና ዳር ወደ ቦሌ የሚደረገው የተለመደ በረራ በኢትዮጵያ የተመዘገበ አውሮፕላን ከኢትዮጵያ ተነስቶ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያርፍበት ነው። እንዲህ ባለው በረራ የቶኪዮ ስምምነት ስለ ካፒቴኑ ሥልጣን የሚደነግገው ምዕራፍ በቀጥታ ተፈጻሚ አይሆንም። ያ ምዕራፍ የሚሠራው የመነሻው ወይም የሚቀጥለው ማረፊያ ከአውሮፕላኑ የምዝገባ አገር ውጭ ሲሆን፣ ወይም አውሮፕላኑ ያንኑ ሰው እንደያዘ በሌላ አገር ሰማይ ላይ ሲበር ነው። መንገደኛው ቦሌ ላይ ወርዶ በሌላ አውሮፕላን ወደ ዱባይ የሚቀጥል መሆኑ የባሕር ዳሩን በረራ ዓለም አቀፍ አያደርገውም።

በአገር ውስጥ በረራ ገዢው የአገሪቱ ሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አውሮፕላንን በሕገ ወጥ መንገድ መያዝንና ደኅንነቱን አደጋ ላይ መጣልን በወንጀልነት ይቀጣል። ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንኛውም ግለሰብ፣ ወንጀሉ ሕጉ የወሰነውን ያህል ቅጣት የሚያስከትል ከሆነ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ሳይዘገይ ለፖሊስ እንዲያስረክብ ይፈቅዳል። አስተናጋጇን የመታን ሰው ሠራተኞቹ የሚይዙት በዚህ መሠረት ነው፤ ራስንና ሌላውን ከጥቃት መከላከልም በወንጀል ሕጉ የታወቀ መብት ነው። የፖሊስ ሥልጣን በአገር ውስጥ በረራ አንድም ጊዜ የማይቋረጥ ቢሆንም፣ በሩ ተዘግቶ ሞተር እየሠራ ሳለ ያን ሥልጣን ሥራ ላይ የሚያውለው በካፒቴኑ በኩል ነው። የበሩ ወሰን በአገር ውስጥ በረራም ጥቅሙ ያው ነው፤ ከ60 በላይ መንገደኛ በሚጭኑ አውሮፕላኖች ላይ የአብራሪዎች ክፍል በር ተቆልፎ እንዲቆይ የሚጠበቀው የውጭ በሮች ከተዘጉበት አንስቶ እስከሚከፈቱበት ጊዜ ነው።

የቶኪዮው ስምምነት ባሕር ዳር ላይ በሙሉ ኃይሉ የሚመጣው በውጭ አገር የተመዘገበ የኮንትራት አውሮፕላን ሲያርፍ፣ ወይም ከውጭ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውሮፕላን በአየር ጠባይ ወይም በውስጡ በተፈጠረ ችግር ምክንያት አቅጣጫውን ቀይሮ እዚህ ሲወርድ ነው። በዚያን ጊዜ ካፒቴኑ ያሰረውን ሰው ለፖሊስ ለማስረከብ ሲጠይቅ ፖሊስ «ወንጀሉ የተፈጸመው እዚህ አይደለም» ብሎ ሊመልሰው አይገባም፤ አባል አገር ሰውየውን የመቀበል ግዴታ አለባት።

ከመነሳት በፊት አንድ ሰው ይወቁ

በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የሚጠራው የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሲቪል በረራና አየር ኃይል የሚጋሩት ነው። ስለዚህ ችግር ሲፈጠር ወደ አውሮፕላኑ የሚመጣው የደንብ ልብስ አንድ ዓይነት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ፈታሾች፣ የፌዴራል ፖሊስ፣ የክልል ፖሊስ፣ የአየር ኃይል ጥበቃ ሊደርሱ ይችላሉ። በአቪዬሽን ደኅንነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል በፌዴራል ሥልጣን ሥር የሚወድቅ ነው። የአየር መንገዱ የጣቢያ ኃላፊ በየፈረቃው የተረኛውን የፖሊስ ኃላፊ ስም፣ ማዕረግና ስልክ ጽፎ መያዝ አለበት፤ ካፒቴኑም «ፖሊስ ጥሩልኝ» ሲል የሚጠራው ማን እንደሆነ ጣቢያው አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚጀምረው ግን ከዚህ መጉደል ነው።

በሩ ከመዘጋቱ በፊት

በሩ ክፍት ሳለ ካፒቴኑ ልዩ የማሰር ሥልጣን የለውም፤ ያለው የመሳፈር ፈቃድን የመንፈግ ሥልጣን ነው። የሰከረ ወይም የሚሳደብ መንገደኛ ሲገጥም አስተናጋጇ በመጀመሪያ በለዘበ ቃል ትናገረው፤ ካልተመለሰ ለካፒቴኑ ታሳውቅ። ካፒቴኑ ከወሰነ ውሳኔውን ለመንገደኛው የሚነግረው የምድር ሠራተኛው ቢሆን ይመረጣል። «ጋሼ፣ ካፒቴኑ በዚህ በረራ እንደማይወስድዎት ወስኗል፤ እባክዎ ከእኔ ጋር ይውረዱ፣ ስለ ቲኬትዎ ተርሚናል ውስጥ እንነጋገራለን» ማለት በቂ ነው። እምቢ ካለ ፖሊስ ይጠራል።

ፖሊስ ሲደርስ ካፒቴኑ ወይም እርሱ የወከለው ሰው ውሳኔውን በአጭሩ ይናገር፦ «ኢንስፔክተር፣ የዚህ በረራ አዛዥ እኔ ነኝ። በመቀመጫ 9 ያሉት መንገደኛ አስተናጋጇን ገፍተዋል። እርሳቸውን ይዤ አልነሳም፤ ከአውሮፕላኑ እንዲወርዱ እጠይቃለሁ። ያዩት ሁለት ምስክሮች አሉ።» ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም። በተለይ ፖሊስ ኃይል እንዴት መጠቀም እንዳለበት ካፒቴኑ አይመክርም፤ ኃይሉ የፖሊስ፣ ተጠያቂነቱም የፖሊስ ነው። ፖሊስም «ካፒቴኑ አዟል» በማለት ከዚህ ተጠያቂነት ሊሸሽ አይችልም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 በቺካጎ ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ መቀመጫውን አልለቅም ያለን መንገደኛ የአውሮፕላን ማረፊያው የጸጥታ ኃይሎች በመተላለፊያው እየጎተቱ ሲያወጡት ፊቱ ላይ ጉዳት ደርሶበታል። ያ መንገደኛ ለማንም አደጋ አልነበረም፤ የተፈለገው መቀመጫው ነበር። ፖሊስ ወደ አውሮፕላን ሲጠራ መጀመሪያ «ችግሩ የጸጥታ ነው ወይስ የቲኬት?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። የቲኬት ከሆነ ጉዳዩን መፍታት ያለበት አየር መንገዱ ነው።

መንገደኛው ሲወርድ የተጫነ ሻንጣው አብሮት መውረድ አለበት። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ቢጠፋም ሻንጣው ሳይገኝ በሩ አይዘጋ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ

አውሮፕላኑ በሩን ዘግቶ ሳለ ችግር ከተፈጠረ የአብራሪዎቹ ክፍል በር አይከፈት። ካፒቴኑ ወጥቶ ጠቡን ለመገላገል ቢፈተን እንኳ መውጣት የለበትም፤ የጠቡ ዓላማ በሩን ማስከፈት ሊሆን ይችላል። አስተናጋጆቹ በውስጥ ስልክ ያሳውቁ፤ የችግሩንም ደረጃ ይናገሩ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አከፋፈል አራት ደረጃዎች አሉት፦ የቃል ረብሻ፣ አካላዊ ጥቃት፣ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ድርጊት፣ ወደ አብራሪዎች ክፍል ለመግባት መሞከር። «ሁለተኛ ደረጃ፣ አንድ ሰው፣ መሣሪያ አልታየም» የሚል አጭር ቃል ከረጅም ታሪክ ይሻላል።

ካፒቴኑ ለታወር (ለበረራ መቆጣጠሪያው ማማ) አሳውቆ ወደ ማቆሚያው ለመመለስ ሲጠይቅ ሦስት ነገር ይንገር፤ ምን እንደተፈጠረ፣ ፖሊስ እንደሚፈልግና ፖሊስ በየትኛው በር እንዲጠብቅ። በውጭ አገር በተመዘገበ ወይም ከአገር ውጭ በሚበር አውሮፕላን ላይ ከሆነ የስምምነቱ ሥልጣን ለመንገደኛ መውረጃ በር ሲከፈት እንደሚያበቃ ያስታውስ፤ ማሰር የሚያስፈልግ ከሆነ በሩ ሳይከፈት መታሰር አለበት፤ ፖሊስ ሳይደርስም በሩ አይከፈት። ከዚህ ውጭ የሚሆነው እሳት፣ ጭስ ወይም ሌላ ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ካፒቴኑ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ሰው ያስወጣል።

ለፖሊስ አባላት አንድ ነገር አጥብቄ እነግራለሁ። በዚህ መስመር የሚበሩት ዳሽ ኤይት አውሮፕላኖች ፕሮፔለር ያላቸው ናቸው፤ የሚሽከረከር ፕሮፔለር በፀሐይ ብርሃን ለዓይን አይታይም። ሁለቱም ፕሮፔለሮች ቆመው፣ ቀዩ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ጠፍቶ፣ የምድር ሠራተኛው በእጁ ምልክት እስኪሰጥ ድረስ ማንም፣ ማዕረጉ ምንም ቢሆን፣ ወደ አውሮፕላኑ አይጠጋ። የፊተኛው በር ወደ ውጭ ተዘርግቶ ደረጃ የሚሆን ስለሆነ ከሥሩም አይቆም።

ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ተሳፍሮ ከሆነ

አንድ ሳጅን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ መጥቶ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለን ሰው ለመያዝ ይፈልጋል እንበል። በሩ ክፍት ከሆነ መብቱ ነው፤ ካፒቴኑ ሊከለክለው አይችልም። ሊጠይቀው የሚችለው መታወቂያውን እንዲያሳይ፣ ሰውየው በመቀመጫው ጠባብ ቦታ ላይ ከመያዝ ይልቅ በሰበብ ወደ ውጭ ተጠርቶ እንዲያዝና መሣሪያ በመንገደኞች መካከል እንዳይመዘዝ ነው። ጥሩ ፖሊስ ይህን አይቃወምም። በሩ ተዘግቶ ሞተር ከተነሳ ግን ሳጅኑ ከአውሮፕላኑ ፊት መኪና አቁሞ ማስገደድ የለበትም፤ በታወር በኩል ለካፒቴኑ መልእክት ይላክ፣ ካፒቴኑም አውሮፕላኑን አቁሞ ሞተር ያጥፋ። «በሩ ተዘግቷልና አልመለስም» ማለት በአገር ውስጥ በረራ የሕግ መሠረት የለውም። አውሮፕላኑ ለመነሳት መንደርደር ከጀመረ ጉዳዩ አብቅቷል፤ ፖሊስ ወደ ቦሌ ይደውል፣ ሰውየው ሲወርድ እዚያ ይያዝ። ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ በረራ ሲባል መንደርደሪያ ላይ አደጋ መፍጠር ተገቢ አይደለም።

የቦምብ ወሬ

«ቀልዴን ነው» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ የለውም። መንገደኛው የተናገረው፣ በስልክ የተነገረው ወይም በወረቀት ተጽፎ የተገኘው ማስፈራሪያ ለካፒቴኑ እንደደረሰ መሬት ላይ ከሆነ አይነሳም፤ ታወርም አውሮፕላኑን ለብቻው ወደሚቆምበት ሥፍራ ይመራዋል። በዓለም አቀፉ መስፈርት ይህ ሥፍራ ከሌሎች ማቆሚያዎች፣ ከሕንፃዎችና ሕዝብ ከሚሰበሰብበት ቦታ ቢያንስ 100 ሜትር መራቅ አለበት። መንገደኞች በተለመደው ደረጃ ይውረዱ ወይስ በአስቸኳይ መውጫዎች ሁሉ ይውጡ የሚለው ውሳኔ የካፒቴኑ ነው። ከ44 በላይ መቀመጫ ያላቸው አውሮፕላኖች ፈቃድ የሚያገኙት ግማሹ መውጫ ተዘግቶ እንኳ ሰው ሁሉ በ90 ሴኮንድ ሊወጣ እንደሚችል ተረጋግጦ ነው። ይህ የሚሳካው ግን መንገደኞች የእጅ ሻንጣቸውን ትተው ሲወጡ ነው።

ሰው ከወጣ በኋላ የሥልጣኑ ድርሻ ይዞራል። አውሮፕላኑን መክበብ፣ ውስጡን መፈተሽ፣ ሻንጣዎችን አሰልፎ ባለቤቶቻቸው እንዲለዩአቸው ማድረግ የጸጥታ አካላት ሥራ ነው፤ ካፒቴኑም በዚያን ጊዜ «መኪናዬን መልሱልኝ» እንደሚል ሾፌር ሊሆን አይገባም። ፍተሻው ሲያልቅ አውሮፕላኑ ነጻ መሆኑን በጽሑፍ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ይነሳ ወይስ አይነሳ የሚለው ውሳኔ እንደገና የእርሱ ነው። ጥርጣሬ ከቀረው አይነሳ።

የቦምብ ወሬ የመንግሥት መሣሪያም ሊሆን እንደሚችል ዓለም አይቷል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ከአቴንስ ወደ ቪልኒየስ ይበር የነበረ የራያንኤር አውሮፕላን በሐሰተኛ የቦምብ ወሬ ወደ ሚንስክ እንዲወርድ ተደርጎ፣ መሬት ላይ አንድ ጋዜጠኛና ጓደኛው ተይዘዋል። ካፒቴኑ በእጁ በነበረው መረጃ ለተሳፋሪዎቹ ደኅንነት የሚበጅ የመሰለውን ወሰነ፤ በሩ ሲከፈት ግን ሰዎቹን ከፖሊስ ለማስጣል የሚያስችለው ሥልጣን አልነበረውም። የካፒቴኑ ሥልጣን እስከ የት እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

መሬት ላይ የሚፈጸም ጠለፋ

በዚህ ሁኔታ ካፒቴኑ የሚመራው አውሮፕላኑን ብቻ ነው፤ ድርድሩና የኃይል እርምጃው የመንግሥት ነው። ከተቻለ የትራንስፖንደሩን (አውሮፕላኑን በራዳር ላይ የሚያስለየውን መሣሪያ) ቁጥር የጠለፋ ምልክት በሆነው 7500 ላይ ያድርግ። የቺካጎ ስምምነት 17ኛ አባሪ የተጠለፈ አውሮፕላን ካረፈ፣ የሰው ሕይወትን ማዳን እንዲነሳ ካላስገደደ በስተቀር፣ መሬት ላይ እንዲያዝ ይጠይቃል፤ ስለዚህ መንደርደሪያውን ለመዝጋት የሚወስነው ካፒቴኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1986 በካራቺ ታጣቂዎች ቆሞ ወደነበረ የፓን አም አውሮፕላን ሲገቡ አብራሪዎቹ በጣሪያው መውጫ አምልጠው ወጡ። አውሮፕላኑ የሚያበረው አጥቶ እዚያው ቀረ፤ ከ20 ያላነሱ ሰዎች ግን በኋላ ተገደሉ። አብራሪዎቹ መውጣታቸው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ የምይዘው አቋም፣ አውሮፕላኑን ከመሬት እንዳይነሳ ማድረግ የካፒቴኑ ሥልጣን መሆኑንና አየር መንገዱ ይህን በመመሪያው አስቀድሞ መወሰን እንዳለበት ነው።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ውጭ

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በመነሳት ላይ ሳለ የእርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ለመመለስ ሲሞክር ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ፤ ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። ያ የወንጀል ጉዳይ አልነበረም። ነገር ግን በጣና ዙሪያ ባለ እርሻ ላይ ተገዶ ያረፈ አውሮፕላን በሕግ ዓይን ምን እንደሆነ እንድናስብ ያደርገናል።

የቶኪዮው ስምምነት ለዚህ የተለየ ደንብ አለው። በግዴታ ማረፊያ ጊዜ በሩ ቢከፈትም የካፒቴኑ ሥልጣን አይቋረጥም፤ የሚያበቃው የአገሪቱ ሥልጣን ያላቸው ባለሥልጣናት ለአውሮፕላኑ፣ ለሰዎቹና ለንብረቱ ኃላፊነቱን ሲረከቡ ነው። ቀድሞ የሚደርሰው አርሶ አደር ወይም የቀበሌ ሚሊሻ ሊሆን ይችላል። እርዳታቸው ይፈለጋል፤ ቁስለኛ ያነሳሉ፣ ሰው ከእሳት ያርቃሉ፣ ንብረት ይጠብቃሉ። ኃላፊነቱን መረከብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ካፒቴኑ ወይም በሕይወት ካሉት ሠራተኞች ከፍተኛው፣ የመጣውን የፖሊስ ኃላፊ ስምና ማዕረግ ጠይቆ «ከዚህ ሰዓት ጀምሮ አውሮፕላኑንና ሰዎቹን ተረክበዋል?» ብሎ ግልጽ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ሥልጣኑ በእጁ ነው። መልሱን በሰዓቱ ይጻፈው። የታሰረ ሰው ካለ እስከዚያ ድረስ ታስሮ ይቆያል፤ ነገር ግን እሳት ካለ ማሰሪያው ይፈታ፣ ነፍሱ ትቀድማለችና።

ርክክቡ

አንድን ሰው ለፖሊስ ማስረከብ «ውሰዱት» ብሎ መሸኘት አይደለም። ካፒቴኑ ሰውየው የሠራውን፣ የሠራበትን ሰዓት፣ በሩ ተዘግቶ እንደነበር ወይም ክፍት እንደነበር፣ የተወሰደውን እርምጃና የምስክሮችን ስም ጽፎ ይፈርማል፤ ተረካቢው ኃላፊ ስሙን፣ ማዕረጉንና ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል። የበሩን ሁኔታ መጻፍ ብዙዎች ይዘነጉታል፤ በፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚያከራክረው ግን እርሱ ነው። መሣሪያ ወይም ሌላ ዕቃ ከተያዘ ማን ከማን እንደተቀበለው በዚያው ሰነድ ላይ ይስፈር፤ ዕቃው በብዙ ሰው እጅ ካለፈ ኤግዚቢት የመሆን ዋጋው ይቀንሳል።

ፖሊስ ሰውየውን ሲረከብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነግረውና፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊያቀርበው ይገባል። የ48 ሰዓቱ ቆጠራ የሚጀምረው ሠራተኞቹ በፕላስቲክ ማሰሪያ ካሰሩበት ጊዜ ነው ብሎ ጠበቃው ሊከራከር ስለሚችል፣ የታሰረበት ሰዓት በሰነዱ ላይ መኖር አለበት።

የሠራተኞቹ የምስክርነት ቃል አውሮፕላኑ ሳይነሳ ቢወሰድ ይመረጣል። የማይቻል ከሆነ መርማሪው የእያንዳንዳቸውን ሙሉ ስም፣ የሥራ ድርሻና ስልክ ይዞ ቃላቸውን አዲስ አበባ ላይ የሚሰጡበትን ቀን ከአየር መንገዱ ጋር ይወስን፤ የርክክቡ ሰነድ አንድ ቅጂ በፖሊስ መዝገብ፣ አንዱ በጣቢያው፣ አንዱ ከካፒቴኑ የበረራ ሪፖርት ጋር ይቀመጥ።